ወረቀቱ ምን ይላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳነብ አንድ ቃል ደጋግሞ መጣብኝ። "ተብዬ ነበር" የሚለው። ሙሉ ነው ተብዬ ነበር፣ ትመለሻለሽ ተብዬ ነበር፣ ምንም ችግር የለም ተብዬ ነበር። ለማታውቁኝ፣ ጠበቃ ነኝ፤ ቢሮዬ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ "አንከፍልም" የሚለውን ደብዳቤ አርቅቅ ነበር፣ ዛሬ ያንኑ ደብዳቤ ይዘው የሚመጡትን እቀበላለሁ። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያለሁ፣ ማንነት የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ለአንድ የመድን ድርጅት የሽያጭ ወኪል ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ደሞዝ የለኝም፣ ኮሚሽን ነው። ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቼ እፈርማለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ባጅ አለኝ፣ ከቀረሁ ሥራ አስኪያጁ ይደውልብኛል። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ስለ ወሊድ ፈቃድ ስጠይቀው "አንቺ እኮ ወኪል ነሽ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የለሽም፣ ወልደሽ ስትመለሺ ቦታሽን ማንም አይነካውም" አለኝ። ደንበኞቼስ? በምተኛበት ጊዜ የሚታደሱትን ውሎች "ቀጥታ የድርጅቱ ናቸው" ብለው ቢመዘግቡብኝ ምን አደርጋለሁ? (ወኪሏ)

መልስ፦ በመጀመሪያ በሰላም ያገላግልሽ። ሥራ አስኪያጁ የነገረሽ ግማሹ እውነት ነው። የሚያስቸግረውም ይሄ ግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉ ውሸት ቢሆን በቀላሉ እንላቀቅ ነበር።

እውነቱን ላስቀድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። በፊት በነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትም ጊዜ ይከፈልበታል። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ማሰናበትም፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ምክንያቶች በቀር፣ ክልክል ነው። ይህ ሁሉ ግን ለሠራተኛ ነው። ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። የመድን ወኪል በተለምዶ የሚመደበው እዚያ ነው። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያወጣል፣ ከሸጠ ኮሚሽኑን ያገኛል፣ ካልሸጠ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወደ ሌላው ግማሽ እንምጣ። አንድ ሰው ወኪል የሚሆነው ወረቀቱ ላይ "ወኪል" ስለተባለ ብቻ አይደለም። አዋጁ የሥራ ውል የሚለው አንድ ሰው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአሠሪው መሪነት፣ ለደመወዝ ብሎ ሲሠራ ነው። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ ሌላ ማስረጃ አምጥቶ ማስረዳት ይችላል። ስለዚህ ያቺ ጠዋት ጠዋት የምትፈርሚባት መዝገብ ቀላል ነገር አይደለችም። የሰኞ ስብሰባው፣ ስትቀሪ የሚደወልልሽ፣ "ዛሬ ገንደ ሃራ ሂጂ፣ ነገ መናኸሪያ" እየተባልሽ የምትላኪው፣ እነዚህ ሁሉ "በአሠሪው መሪነት" የሚለውን ያሳያሉ። እኔ ብሆን የመዝገቡን ፎቶ ዛሬውኑ አነሳ ነበር። ሰብሰብ አድርጊ፣ የቴሌግራም መልእክቶቹንም አታጥፊ።

ግን ላሞኝሽ አልፈልግም። ደካማው ጎንሽ ክፍያው ነው። መነሻ ደሞዝ ከሌለሽ፣ ጡረታ (ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የማይቆረጥልሽ ከሆነ፣ ከኮሚሽንሽም ላይ እንደ ነጋዴ ቅድመ ግብር ብቻ የሚያዝብሽ ከሆነ፣ ድርጅቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚዘረዝረው እነሱኑ ነው። ሊረታም ይችላል። በሌላ በኩል "የትራንስፖርት" እየተባለ በየወሩ የማይለወጥ ገንዘብ የሚሰጥሽ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ደብዳቤሽ ላይ ስለሱ አልጻፍሽም፤ ካለ ያስፈልገናል።

ክርክሩ ግን ይቆይ። ሰባት ወር የገባች ሴት ፍርድ ቤት እንድትመላለስ አልመክርም። አሁን የሚያስፈልግሽ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በምተኛባቸው ወራት የሚታደሱትን ደንበኞች ዝርዝር ስም፣ የፖሊሲ (የመድን ውሉ) ቁጥርና የእድሳት ቀን አድርገሽ አውጪ። "እነዚህ በእኔ የመጡ ደንበኞች ናቸው፣ በማልኖርበት ጊዜ እገሊት ትከታተልልኛለች፣ ኮሚሽኑ በእኔ ኮድ ይመዝገብ" ብለሽ ጻፊ፣ ለቅርንጫፉ አስገቢ፣ በቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ። ሥራ አስኪያጁ "ኧረ በእኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል" ይልሻል። ይበል። እሱ የተዛወረ ዕለት የሚቀጥለው ሰው የሚያነበው ፋይሉን እንጂ የእሱን ቃል አይደለም። የወኪልነት ውልሽ ውስጥም ስለ እድሳት ኮሚሽን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ። የሌለሽ ከሆነ ቅጂ ጠይቂ። አራት ዓመት ሠርታ የራሷን ውል አይታ የማታውቅ ወኪል ስንት አውቃለሁ መሰለሽ! የሌላውን ሰው ፖሊሲ በየቀኑ እያስፈረመች።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልናገር። እኔ በነበርኩበት ቅርንጫፍ ከወኪሎቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ፀሐይ ላይ ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩት፣ "ነገ ነይ" የሚባሉት፣ አንዳንዴም "እራት እየበላን እንፈራረም" የሚባሉት እነሱ ናቸው። ካሳ ይከፈል አይከፈል የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ግን ለብዙ ጊዜ ብቸኛዋ ሴት ቃለ ጉባኤ ያዧ ነበረች። እኔ ነበርኩ ቃለ ጉባኤ ያዧ።

ለክርክሩ ከወሰንሽ አትቆዪ። ያልተከፈለ ደመወዝና መሰል ክፍያ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር ይታገዳል። የጠበቃ ገንዘብ ካስቸገረሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አንድ አይሱዙ አለችኝ፣ ልጆቼን ያሳደግኩባት። ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼላታለሁ። በ2015 ስገባ በ2 ሚሊዮን ብር ነው የተመዘገበችው፤ በየዓመቱም እንደዚያው እያደስኩ ነው። ባለፈው ሞጆ መውጫ ላይ ከፊት ለፊቴ መኪና ቆሞብኝ ገጨሁ። የጋራዡ ፕሮፎርማ 600 ሺህ ብር መጣ። ድርጅቱ 300 ሺህ ነው የምንከፍለው አለኝ፣ ከሱም ላይ ደግሞ የሚቀነስ አለ። ሙሉ ነው ብላ የሸጠችልኝ ልጅ ናት፣ ቅርንጫፉ ውስጥ አሁንም አለች። እሷን መክሰስ እችላለሁ? (ባለ አይሱዙው)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን እርስዎ ተረፉ። ልጅቷን ለጊዜው ይተዋት፣ እመለስባታለሁ።

"ሙሉ" የሚለው ቃል ነው ጣጣው። ሙሉ ኢንሹራንስ ሲባል የሚሸፈነው የአደጋ ዓይነት ብዙ ነው ማለት ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት፣ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት። የመኪናው ዋጋ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። የዋጋው ነገር ፖሊሲው ላይ "የመድን መጠን" ከሚለው ጎን የተጻፈው ቁጥር ነው።

አሁን ያንን ቁጥር እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መኪናም መለዋወጫም አብሮ ወጣ። የእርስዎ አይሱዙ ዛሬ ገበያ ላይ 4 ሚሊዮን ታወጣለች እንበል። ፖሊሲው ላይ ግን 2 ሚሊዮን ናት። ሕጉ እዚህ ላይ "ግማሹን አንተው ራስህ መድን ሰጪ ሆነሃል" ይልዎታል። ስለዚህ የደረሰው ጉዳት 600 ሺህ ቢሆን የድርጅቱ ድርሻ ግማሹ፣ 300 ሺህ ይሆናል። ከሱ ላይ ደግሞ ኤክሰስ የሚሉት፣ በእያንዳንዱ አደጋ ባለመኪናው ራሱ የሚሸከመው ገንዘብ ይቀነሳል። ብዙ ሰው "ጉዳቱ ከ2 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል" ብሎ ያስባል። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚያ ነበር የመሰለኝ፣ እውነት ለመናገር።

ይሄ ድርጅቱ የፈጠረው አይደለም፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ያለ ነው። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሲወጣ የመድኑን ክፍል አልነካውም። ስለዚህ ዶላር በ2 ብር ከ50 በሚመነዘርበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው ዛሬም የሚገዛን።

እና ዝም ብለው ይቀበሉ? አይደለም። መጀመሪያ "4 ሚሊዮን ታወጣለች" ያለው ማነው? ድርጅቱ ዋጋውን ከፍ ባደረገ ቁጥር የእርስዎ ድርሻ ይጨምራል፣ የእሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ግምቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ በማን እንደተገመተና በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሆነም ይጻፍልዎት። የሚታየው አደጋው በደረሰበት ቀን የነበራት ዋጋ ነው፣ የአዲስ መኪና ዋጋ አይደለም። የእርስዎ አይሱዙ ስንት ዓመቷ ነው? ስንት ጊዜ ሞተር ወርዶላታል? ሁለት ሦስት የሚያምኗቸው ሻጮች ዘንድ ሄደው የጽሑፍ ግምት ያምጡ። በ4 ሚሊዮን ፈንታ 3 ሚሊዮን ከሆነች ድርሻዎ ወደ 400 ሺህ ከፍ ይላል። አንድ መቶ ሺህ ብር በአንድ ወረቀት! ከዚያ ፖሊሲውን ያንብቡና ይህን የማካፈል ደንብ የሚያስቀር የተለየ ስምምነት አለ ወይ ብለው ይፈልጉ። ሕጉ ራሱ ተዋዋዮቹ በሌላ መልክ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ግልግል ዳኝነት የሚል አንቀጽም ካለ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥዎ በፊት ያሳዩኝ። ጊዜውን ደግሞ ልብ ይበሉ። የመድን ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል።

አሁን ስለ ልጅቷ። ጋሼ፣ ኮሚሽኗ የሚሰላው ለመድኑ ከሚከፍሉት ገንዘብ፣ ከዐረቦኑ ላይ ነው። መኪናዋን በ4 ሚሊዮን ብትመዘግብልዎት እሷም የበለጠ ታገኝ ነበር። ምን ልትጠቀም ብላ ትደብቅዎታለች? እኔ የሚመስለኝ እድሳት ሲመጣ "እንደ ባለፈው ይሁን፣ አታስወድጂብኝ" ብለዋታል። ልክ ነኝ? ማስረዳት ነበረባት፣ እሱ እውነት ነው። ግን ማንም ቁጭ አድርጎ ያላሠለጠናትን ልጅ ከስሰው የሚያገኙት ነገር የለም።

መኪናዋ ተጠግና እንደወጣች ዋጋውን የሚያስተካክል ኢንዶርስመንት፣ ማለትም ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ወረቀት፣ ያሠሩ። እድሳት አይጠብቁ። ከዋጋዋ በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ የሚከፈለው ከእውነተኛ ዋጋዋ አያልፍምና ትርፉን ዐረቦን በከንቱ ይከፍላሉ።

የተቃረንኩ መስሏችሁ ከሆነ ተገቢ ነው። ለወኪሏ "ወረቀቱ ወኪል ቢልሽም ሥራሽ ይታያል" አልኳት፣ ለጋሼ ደግሞ "ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው" አልኩ። ሁለቱ ሕጎች እንዲህ ይለያያሉ። የሥራ ሕጉ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ኑሮ ያያል። የመድን ሕጉ ግን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ያልተጻፈ የቃል ተስፋ ይዞ የቆመ ሰው እግሩ አይጠናም።

ጥያቄ፦ በአንድ የመድን ድርጅት ካሳ ክፍል ውስጥ መኮንን ነኝ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። አደጋ ሲደርስ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያየው ግን ሁሌ ወንድ ነው። ለምን ስል አለቃዬ "የመተሃራ መንገድ በሌሊት ለሴት አይሆንም፣ ሕጉም ሴትን ሌሊት ማሠራት ይከለክላል" ይለኛል። በቅርቡ የከፍተኛ መኮንን ቦታ ወጣ፤ የመስክ ልምድ የለሽም ተብዬ ቀረሁ። ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ አገኘው። (ኢንጂነሯ)

መልስ፦ አለቃሽ ሕጉን ከየት እንዳነበበው ብታውቂ ንገሪኝ። አዋጁ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አታሠሩ የሚለው ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ነው። ሴትን በሙሉ አይደለም። እንዲያውም ያው አዋጅ ሴት በመሆኗ ምክንያት በቅጥርም በክፍያም ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ለሥራም ለዕድገትም ስትወዳደር ከወንዱ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው ለእሷ ነው ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም አለ።

ያንቺ ነገር ግን ተንኮሉ ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ መስክ አይልኩሽም፣ ቀጥሎ መስክ አልወጣሽም ብለው ይጥሉሻል። ዕድገቱ ብቻ አይደለም የሚቀርብሽ፣ የውሎ አበሉም ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄሽን በዕድገቱ ላይ ብቻ አታቁሚው። "ከመጪው ወር ጀምሮ በመስክ ተራ መዝገብ ውስጥ ስሜ ይግባ" ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡሽ። "ሴት ስለሆነች" ብሎ የሚፈርም አለቃ እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ላለመጻፍ ሲል ስምሽን የሚያስገባ ግን አይቻለሁ።

ስጋቱ የውሸት ነው ማለቴ አይደለም። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጅቡቲው ከባድ መኪና ሁሉ የሚያልፍበት ነው፣ ሌሊት ለወንዱም ያስፈራል። መፍትሔው ግን ሁለት ሰው፣ ደህና መኪናና ስልክ ነው። ለወንዶቹም ይበጃል።

የእኔ የመጀመሪያ መስክ ወለንጪቲን አልፎ የተገለበጠ ተሳቢ ነበር። የተላክሁትም ወንዶቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ስለነበሩ ብቻ ነው። ሹፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል፣ ክንዱን አስሯል። ከመኪና ወርጄ ሜትሬን ስዘረጋ አየኝና "እህቴ፣ ሰውየው የታለ?" አለኝ። የቱ ሰውዬ? "ከኢንሹራንስ የሚመጣው።" የፍሬኑን ምልክት ለካሁ፣ ጎማዎቹን ፎቶ አነሳሁ፣ ጭነቱን ከሰነዱ ጋር አስተያየሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃ ገዝቶ አመጣልኝ። ሪፖርቴ እሱን ከጥፋተኝነት ያወጣ ነበር፣ ግን ያንን ያኔ አያውቅም።

ሌላም ትዝ አለኝ። ጥቅምት 2011 መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ ያንን ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸውና ቅርንጫፋችን ውስጥ ደስ ብሎን ቡና አፍልተን ነበር። አለቃችንም ሁለተኛውን ጠጥቶ "ጎበዞች ናችሁ" አለን። በዚያው ሳምንት የመስክ ተራ ተለጠፈ። አንዲትም ሴት የለችበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። መሥሪያ ቤቱ የሕይወት መድን ገብቶለት ነበር። አሁን ስጠይቅ ገንዘቡ የተመዘገበው በእናቱ ስም ነው አሉኝ፤ ሳንጋባ በፊት የሞላው ፎርም ነው። ሁለት ልጆች አሉን። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቻለሁ፣ በሱ መቀበል አልችልም? (እናት)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መልሱ የምትወጂው አይሆንም፣ ግን ለማያዋጣ ክስ ገንዘብሽን ከምታፈሺ እውነቱን ብነግርሽ ይሻላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 827 እንዲህ ነው የሚለው፦ ሟቹ ተጠቃሚውን ካልወሰነ፣ ወይም ዝም ብሎ "ለወራሾቼ" ካለ፣ የሕይወት መድኑ ገንዘብ ወደ ውርስ ይገባል። ሰው ለይቶ ከጠቀሰ ግን ውርስ ውስጥ አይገባም፣ በቀጥታ ለተጠቀሰው ሰው ነው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃሽ ብቻውን አይከፍትልሽም።

ገና ያልታየ ነገር ግን አለ። ፎርሙን በዓይንሽ አይተሽዋል ወይስ ተነገረሽ? ቅጂውን ጠይቂ። ከጋብቻ በኋላ የቤተሰብ ሁኔታ የሚያሳውቅ ሌላ ቅጽ ሞልቶ እንደሆነ የግል ማኅደሩ ይፈተሽ። መሥሪያ ቤቱ መድን ሰጪውን ከቀየረም አዲስ ዝርዝር ሞልተው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ሁለተኛው ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፣ ቀልዴን አይደለም። ፍጠኚ፤ የሁለት ዓመቱ ገደብ አሥር ወር ብቻ ነው የቀረው። የተተኪዎች ጡረታ ደግሞ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ለአንቺና ለልጆቹ ነውና ካልጠየቅሽ ነገ ጠይቂ። ባንክ ብድር ከነበረበትም ከብድሩ ጋር የተገባ የሕይወት መድን ስለመኖሩ ባንኩን በደብዳቤ ጠይቂው፣ ሳትጠይቂ ዕዳውን መክፈል አትጀምሪ።

ከአማትሽ ጋር እንዴት እንደሆናችሁ አልጻፍሽም። ደህና ከሆናችሁ ሽማግሌ ይቅደም። አንዳንድ አያት የልጅ ልጆቿን ስታይ የሕጉን ያህል አትጨክንም።

ያገባችሁ ሁሉ፣ ያንን ፎርም ዛሬ ቢሮ ስትገቡ እዩት። እኔ ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ የራሴን አየሁ። የታላቅ እህቴ ስም ነው ያለው፣ ልጄ ስድስት ዓመት ሞልቷታል።

ጥያቄ፦ እናቴን መብራት ኃይል አካባቢ መኪና ገጭቷት አመለጠ። ታርጋውን ያየ የለም። ሆስፒታል ናት። ማንን እንጠይቅ? (ልጇ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ። ገጭቶ ላመለጠና ተለይቶ ላልታወቀ መኪና የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት አለ፤ መድን የሌለው መኪና ለገጨውም እንዲሁ። ዛሬ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄደህ አስመዝግብ፣ የፖሊሱን ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃውን ሰብስብ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ እንዳትጥል። ለአስቸኳይ ሕክምና "መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ" ብሎ መመለስ አይቻልም። በአዋጅ 799/2005 ለሞትም ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40 ሺህ ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ ተሻሽሎ ለሞት እስከ 250 ሺህ ደርሷል። የድሮውን ቁጥር የሚነግርህ ሰው ካጋጠመህ ቀኑ ያለፈበት ነው።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ሦስተኛ ወገን አላት፣ ስቲከሩም ተለጥፏል። የራሷን መስታወትና ፊት ለፊቷን ያሠሩልኛል? (ባለ ባጃጅ)

መልስ፦ አያሠሩልህም። ሦስተኛ ወገን የገጨኸውን ነው የሚክሰው።

ቢሮ መምጣት ለምትፈልጉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነኝ። ስትመጡ ፖሊሲውን ራሱን ይዛችሁ ኑ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰዎች መጥተው ሦስቱም የዐረቦን ደረሰኝ ብቻ ነበር የያዙት፣ አንዱ ደግሞ የስቲከሩን ፎቶ።